የወርቁ ኩሬና የአምሳል ጨፌ

አምሳል ላሞቿ የሞቱበትን ቀን ስታወራ ድምጿን ከፍ አታደርግም። ወሩ ጥር ነበር፤ የፎገራ ሜዳ ሣሩ ነጥቶ፣ ከብቱ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ውሃ የሚፈልግበት ጊዜ። ቆቅ አምባ በሚሉት ጉብታ ላይ የወርቅ ኩባንያው ጥሎት የሄደው ኩሬ ዙሪያውን የሽቦ አጥር ነበረው፤ ሽቦውን ግን ሰው እየቆረጠ ለየጓሮው ወስዶታል። ላሞቹ በክፍተቱ ገቡ። አምሳል ከደጃፏ ሆና ሲጎነበሱ አየቻቸውና እየጮኸች ሽቅብ ሮጠች። ስትደርስ ትልቋ ላም ከውሃው ቀና ብላ አየቻት። ወዲያው የፊት እግሮቿ ታጠፉና እዚያው ዳር ላይ ተደፋች። ሁለተኛዋ ለመሸሽ ዞር ብላ ነበር፤ ዞራ ሳትጨርስ ወደቀች።

«የተኮሰ የለ፣ ጥይት የለ» ትላለች አምሳል። «ውሃ ነው። ከምንጭ ውሃ የጠራ ውሃ።»

አምሳል የሜዳ ልጅ ናት። የተወለደችው ከወረታ በታች፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ እስከ ደጃፍ በሚመጣበት አገር ነው። አያልነህን አግብታ ወደ ቆቅ አምባ ግርጌ ስትመጣ ዘመዶቿ «እሰይ፣ ከጎርፍ ወጣሽ» ብለው ነበር የሸኟት። ከአያልነህ አባት የወረሱት ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ሜዳው ላይ ያለ የሩዝ ማሳ፣ ሌላው ከቤታቸው ሥር የተዘረጋ ጨፌ። ያ ጨፌ በበጋም እርጥበት የማይለየው ረባዳ መስክ ነው። ሰው ሁሉ ለከብቱ ጭድ ሲቆጥብ እነሱ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ሣር አያጡም። አያልነህ እንግዳ ሲመጣበት ማሳውን ሳይሆን ጨፌውን ነበር የሚያሳየው። «ይህን አባቴ ከአባቱ ተቀበለው፣ እኔ ከአባቴ» ይላል። ሌላ መግለጫ አያስፈልገውም ነበር።

ወርቅ አውጪዎቹ ሲመጡ አያልነህ ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። ከጉብታው ድንጋይ ይፈልጣሉ፤ ይፈጩታል፤ እንደ ኮረብታ ይከምሩታል፤ ከዚያ ወርቁን ከድንጋዩ የሚያላቅቅ መርዝ በውሃ በጥብጠው ክምሩ ላይ ያርከፈክፉበታል። በሥር የሚንጠፈጠፈው ውሃ ወርቁን ይዞ ይወርዳል። ወርቁ ተለይቶ ሲወሰድ ውሃው ኩሬው ውስጥ ይጠራቀማል። አያልነህ በዚያ ሥራ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ፤ ልጆቹን ወረታ አስተማረ። ስለዚህ ኩባንያው «ወርቁ ነጠፈ» ብሎ ማሽኑን ጭኖ ሲሄድና ክምሩና ኩሬው እንዳሉ ሲቀሩ፣ አያልነህ «ይመለሳሉ» አለ። ላሞቹ ሲሞቱም «አጥሩን የሰረቀውን እግዜር ይይለት» ከማለት አላለፈም።

አምሳል ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ጉብታውን ቀና ብላ ባየች ቁጥር ኩሬውን ከነግድቡ ታስበው ጀመር። ኩሬው ከላይ ነው። ከኩሬው ሥር የሷ ጨፌ፣ ከጨፌው ጎን የእንቆይ ወንዝ፣ ከወንዙ ወዲያ ሜዳው፤ የስንቱ ሩዝ፣ የስንቱ ከብት መጠጫ። ይህን ሁሉ ከላዩ ደግፎ የያዘው አንድ የአፈር ግድብ ነው።

ፋሲካ ሲያልፍ ጉብታውን አጽድተው የሚዘጉ ሰዎች ከባሕር ዳር ተልከው መጡ። አለቃቸው ሰብሪና የምትባል ወጣት ናት። አባቷን ጀማልን፣ የወረታውን የሩዝ መፈልፈያ ባለቤት፣ የማያውቅ ገበሬ የለም፤ እሷን ግን ያወቃት አልነበረም። ለትምህርት ወጥታ ብዙ ዓመት ቆይታለች። ሰዉን ከዋርካው ሥር ሰብስባ ስለ ኩሬው አስረዳች። መርዙ ሳይናይድ ይባላል አለች፤ ከሱ ጋር ከድንጋዩ የተፈታ መዳብና ሌላም ክፉ ብረት አለበት።

«እና ምን ልታደርጉት ነው?» አለች አምሳል። «በጀሪካን ቀድታችሁ ልትወስዱልን?»

«ልናስበላው ነው እትዬ።»

«ለማን?»

ሰዉ ሳቀ። ሰብሪናም አብራ ሳቀች። «በዓይን ለማይታዩ ተሕዋስያን። ባክቴሪያ ይባላሉ። አሁንም ከኩሬው ጭቃ ውስጥ አሉ፤ ግን ጥቂት ናቸው፣ ተርበዋል። እናንተ ጠላ ስትጠነስሱ የሚያፈላው ምንድን ነው? በዓይን አይታይም፤ ሥራው ግን ይታያል። እኔም እነዚህን ከጭቃው አውጥቼ በበርሜል እየመገብኩ አበዛቸዋለሁ። ከዚያ መልሼ ኩሬው ላይ እለቃቸዋለሁ። ሳይናይዱን ሰባብረው እንደ ማዳበሪያ ወዳለ ነገር ይለውጡታል።»

ሸዋዓለም ብድግ አለ። ከእንቆይ ማዶ ሰፊ የሩዝ ማሳ ያለው፣ ቃሉ የሚሰማ ሰው ነው። «መርዝ የበላ ነገር እሱ ራሱ መርዝ አይሆንም ወይ?»

«ላም ሣር በልታ ሣር ትሆናለች ጋሼ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የተሕዋስያኑ ስም «የሰብሪና ከብቶች» ሆኖ ቀረ።

አምሳል ሥራው ላይ ገባች። ቦቲ አድርጋ፣ ጓንት አጥልቃ እበት ትሸከማለች፤ ከጀማል መፈልፈያ የሚመጣውን የሩዝ ገለባ ትከምራለች፤ ለተሕዋስያኑ ምግብ የሚሆነውን የስኳር አተላ፣ ሞላሰሱን፣ በርሜሎቹ ውስጥ ታማስላለች። በርሜሎቹ ሲፈሉ የሚሸቱት ሽታ ቀሚሷ ላይ ይቀራል። አያልነህ አፍንጫውን ይይዛል።

«ለስንቱ ላም ያልደረሰ እጅሽ የማይታይ ከብት ይቅለብ?»

«ላሞቼን የገደለው ውሃ ሲሞት ማየት እፈልጋለሁ» አለችው።

ግንቦት ሲጋመስ ሰብሪና ባክቴሪያውን ለቀቀች። ከዚያ በየጊዜው ከኩሬው በትንሽ ብልቃጥ ቀድታ መርዝ መኖሩን በቀለም የሚለይ ጠብታ ትጨምርበታለች፤ መርዙ ብዙ ከሆነ ውሃው ይቀላል፣ ሲያንስ ቀለሙ ይሳሳል። መጀመሪያ ላይ ደም ይመስል ነበር። ሰኔ ሲገባ ወደ ጽጌረዳ አበባ ቀለም ወረደ። ሰብሪና ብልቃጡን ወደ ብርሃን ይዛ ስታሳያት አምሳል በልጅነቷ እንኳ እንደዚያ ተደስታ አታውቅም።

ከዚያ ክረምቱ መጣ። ብርድ ሲሆን ተሕዋስያኑ ይሰንፋሉ፤ ቀለሙ ካለበት አልንቀሳቀስ አለ። ብርዱን እንኳ ይችሉት ነበር፤ ዝናቡን ግን ማን ይችለዋል? ኩሬው ከታች ሳይጎድል ከላይ ይሞላል። ችግር ቢመጣ ተብሎ የታሰበው የውሃ ሞተርና መርዙን ፈጥኖ የሚያመክነው ኬሚካል ባሕር ዳር ተጭኖ ቆሟል። መንገዱ ተዘግቷል። ዛሬ ይከፈታል ሲባል ነገ፣ ነገ ሲባል ከነገ ወዲያ። ሰብሪና ስልኳን ይዛ ኔትወርክ ወዳለበት ድንጋይ ላይ ትወጣለች፤ ስትወርድ ፊቷን ማየት በቂ ነበር።

ሐምሌ ላይ ሰማዩ ተቀደደ።

ሰብሪና ኩሬው ውስጥ አናቱን ቀይ የቀባችው እንጨት ተክላለች። ቀዩ ከተሸፈነ ግድቡ አይችልም ማለት ነው። አምሳል በየማለዳው ገሳዋን ደፍታ ትወጣና ቀዩን ታያለች። ክንድ የነበረው ስንዝር ሆነ። አንድ ቀን ጠዋት ስትደርስ የቀረው ሁለት ጣት ነው፤ ከግድቡ ሥር ደግሞ፣ ትናንት ደረቅ በነበረው በኩል፣ አፈሩ ያልብ ነበር። እጇን ልታስነካ ስትል ሰብሪና ከኋላዋ ጮኸች።

«እንዳይነኩት!»

ሁለቱም ቆመው አዩት። ከአፈሩ የሚወጣው ውሃ ድፍርስ ነበር። ጥርት ያለ ቢሆን ይሻል ነበር፤ መደፍረሱ ውሃው ግድቡን ከውስጥ እየበላው መሆኑን ያሳያል።

ብዙም ሳይቆይ ከታች የሰው ድምፅ ተሰማ። ሸዋዓለም ከፊት፣ ከኋላው የሜዳው ወንዶች፣ ዶማና አካፋ ይዘው እየወጡ ነው። ማንም አልፎከረም፣ ማንም አልተሳደበም። 

«ሰብሪና» አለ ሸዋዓለም፣ ዝናቡ ከፂሙ እየተንጠባጠበ። «ክፉ ልናገርሽ አልመጣሁም። ግድቡ ሊናድ ነው። ከተናደ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚወርድብን። ስለዚህ አሁን ወደ እንቆይ በጥቂቱ እንከፍተዋለን። ወንዙ ሙሉ ነው፤ ጠራርጎ ጣና ያገባዋል።»

«ገና አልጸዳም ጋሽ ሸዋዓለም! ከብት ቀርቶ ሰውም ይጎዳል። ደግሞ ወንዙ ጠርጎ የሚወስደው መቼ ነው? አሁን ሜዳው ላይ ተኝቶ የለም ወይ? የእርስዎ ሩዝ ውስጥ ነው የሚቆመው።»

«ከተናደስ የት ሊቆም ነው?»

 ወንዶቹ ዶማቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

«አንድ መንገድ አለ» አለች ሰብሪና በመጨረሻ። የምትናገረው ወደ መሬት እያየች ነው። «ሳይናይዱን የሚበሉት እዚህ አሉ። ብረቱን ከጭቃ ጋር የሚያስሩት ደግሞ አየር በሌለበት ረግረግ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ውሃውን በቦይ ቀስ እያልን ወደ ረባዳ መስክ ብናወርደው፣ እዚያ እበትና ገለባ ብንበትን፣ ታችኛውን አፍ ብንደፍን፣ ሳስቶ ይተኛል። ሲተኛ ሥራው ይጨረሳል። ኩሬውም ይቀልለታል። ግን መስኩ... ያ መስክ ከዚያ በኋላ ለከብት አይሆንም።»

«የቱ መስክ?» አለ ከኋላ አንዱ። ሁሉም ግን ያውቃል፤ ሁሉም ወደ አምሳል ዞሯል።

አምሳል ቁልቁል አየች። ከዝናቡ ውስጥ ጨፌው እንደ አዲስ ምንጣፍ ለምልሞ ይታያል። ከብቶቻቸው እዚያው ናቸው።

«የኔ ብቻ አይደለም» አለች። «ከባሌ ጋር ልማከር።»

«ተማከሪ» አለ ሸዋዓለም። «ቀትር ሲሆን ግን እኛ ዶማችንን እናነሳለን። አትቀየሚን።»

አያልነህ ቤት ተቀምጦ የቀንበር ጠፍር ይለፋ ነበር። አምሳልና ሰብሪና ተከታትለው ሲገቡ ገና ከፊታቸው ነገሩን ጠረጠረ። ሰብሪና አስረዳችው። እሱ ጠፍሩን እያሸ አዳመጠ። ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ከብቴን መልሼ የማስገባው መቼ ነው?»

«አላውቅም ጋሼ» አለች። «መዋሸት አልፈልግም። ምናልባት በእርስዎ ዕድሜ ላይሆን ይችላል።»

አያልነህ ጠፍሩን አስቀመጠ። «እነሱ ወርቁን ይዘው ሄዱ። እኔ እድፋቸውን በአባቴ መሬት ልጥረግ?»

«እውነትህን ነው» አለች አምሳል። «ፍርድ ቢኖር ያቆሸሸው ነበር የሚጠርገው። እሱ ግን የለም። ውሃው አለ።»

«አንች ያን እበት መዛቅ ከጀመርሽ ወዲህ ልብሽ ሸፍቷል።»

«አያልነህ፣ ግድቡ ከተናደ መጀመሪያ የሚያልፈው በዚያው በጨፌው ላይ ነው። ያን ጊዜ ጨፌውም የለም፣ ማሳውም የለም፣ የሸዋዓለም ልጆችም የሉም።»

አያልነህ ተነሣ። ገሳውን ከግድግዳው አውርዶ ደፋ፤ ዱላውን አነሣ፤ አንዳቸውንም ሳያይ ወጣ። እርምጃው በጭቃው ላይ ሲርቅ ተሰማ።

«ወዴት ነው?» አለች ሰብሪና በሹክሹክታ።



አምሳል መደቡ ላይ ተቀመጠች። ባሏን ታውቀዋለች። ሲቆጣ ይጮኻል፤ ሲቆርጥ ግን ዝም ነው የሚለው። ምን እንደቆረጠ ግን ከዝምታው መለየት አልቻለችም። ከወንዶቹ ጋር ሆኖ ግድቡን ሊከፍት ወጥቶ ይሆናል፤ ወይ ጨፌው አፍ ላይ ዱላውን ይዞ ሊቆም። ሁለቱንም በዓይኗ አየችው። ከዚህ በኋላ በአንድ ጣራ ሥር እንዴት ይኖራል ብላም አሰበች። ከዚያ መቀነቷን አጠበቀችና ተነሣች።

«ቦዩን በየት በኩል ነው የምታወርጅው?» አለቻት ሰብሪናን።

«እትዬ፣ እሳቸው እኮ...»

«እኔ ፈቅጃለሁ። መሬቱ የኔም ነው። ከሱ ጋር ያለውን ነገር እኔ እችለዋለሁ።»

ከቤቱ ጀርባ ዞረው ወደ ጨፌው ሲወርዱ አያልነህን አዩት። ከብቶቹን ከጨፌው እያወጣ ነበር። አንዲት ጥጃ አልወጣም ብላ ሣሩ መካከል እግሯን ተክላለች፤ እሱ ከኋላዋ ገፍቶ፣ በእጁ ሆዷን ደግፎ ያወጣታል። አምሳልን ሲያይ ቀና አላለም።

«ይቺ ያዘችኝ» አለ። ጥጃዋን ዳር ላይ አቁሞ፣ «ቦዩን በላይኛው በኩል አስጀምሪያቸው። በታች ድንጋይ ነው፣ ዶማ ይሰብርባቸዋል።»

አምሳል ቀሚሷን ሰብስባ ሽቅብ ሮጠች።

በዚያን ቀን ሥራ ከቆቅ አምባ ያልተሳተፈ ሰው ጥቂት ነው። ሸዋዓለም ወንዶቹን ለሁለት ከፈለ፤ ግማሹ ቦይ ይቀድዳል፣ ግማሹ የጨፌውን ታችኛ አፍ በሸክላ አፈር ይደፍናል። ሴቶቹ ከየቤቱ እበት በቅርጫት ያመጣሉ። ሰብሪና ድንጋዩ ላይ ወጥታ ለአባቷ ደውላ ነበርና ጀማል የመፈልፈያውን ገለባ ሁሉ በጆንያ አስሞልቶ በጋሪ ላከ። ጋሪዎቹ ጭቃው ውስጥ ሲሰምጡ ራሱ ኮፍያውን እንዳደረገ ከወረታ ሰዎች ጋር ጆንያ ተሸክሞ መጣ። በዕድሜው ገፍቷል፤ ጆንያውን ሲያወርድ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠ። «ያ ረቢ» አለ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ «እድሜዬን ሙሉ የጣልኩት ገለባ ለዚህ ነበር?»

ቦዩ ሲያልቅ አፉን የምትከፍተው ሰብሪና ነበረች። አምሳል ከጎኗ፣ አፈር የሞላበት ጆንያ ደርድራ ቆማለች፤ ውሃው ከበዛ አፉን ለማጥበብ። ከግድቡ ጫፍ ላይ ያለውን አፈር ጥቂት ሲያነሱት ውሃው መጀመሪያ እንደ ክር ወረደ። ከዚያ እንደ ገመድ። ሰዉ እፎይ ሊል ሲል ከቦዩ አፍ ግራ በኩል ያለው አፈር አቃሰተና ተንሸራተተ። ገመድ የነበረው ውሃ በአንድ ጊዜ በር የሚያህል ሆነ።

«ወደኋላ!» ጮኸች ሰብሪና። ወንዶቹ ከቦዩ ዘለው ወጡ። አምሳል ግን ጆንያው እጇ ላይ ነው። አላሰበችም። ከተናደው አፍ ላይ ጣለችው። ሁለተኛውን ጣለች። ውሃው ተመታና ሽቅብ ተረጭቶ ክንዷንና ፊቷን ነካት። ሦስተኛውን ስትጎትት ሌላ እጅ ከሷ ጋር ያዘው፤ ሸዋዓለም ነበር። ከኋላቸው ሰው ሰንሰለት ሠርቶ ጆንያ ያቀብላል። «ጣሉበት! ደራርቡት!» ጆንያው እየተደራረበ፣ አፈሩ እየተረገጠ፣ በሩ ጠበበ፤ እንደገና ገመድ ሆነ። ያዘ።

ሰብሪና አምሳልን ክንዷን ይዛ ጎትታ አወጣቻት። ንጹሕ ውሃ አምጡ ብላ ጮኸች፤ ፊቷን፣ ዓይኗን፣ ክንዷን ደጋግማ አጠበቻት፤ የረጠበ ልብሷን በገሳ ከልላ አስወለቀቻት። የአምሳል ራስ መዞር ጀምሯል። አፏ ውስጥ መራራ ነገር አለ። ያቺ ትልቅ ላም ስትወድቅ በዓይኗ ላይ ድቅን አለች።

«ሞቴ ነው?» አለች።

«አይደለም። ይተንፍሱ። ወደ ነፋሱ ዞረው ይተንፍሱ። ኩሬው በጥር የነበረው ቢሆን ኖሮ... አሁን ግን ተሕዋስያኑ ግማሹን በልተውታል። ይተንፍሱ እትዬ።»

አያልነህ ከታች ሰምቶ ሲሮጥ መጣ። ጀርባዋን ደግፎ ተቀመጠ። አምሳል ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ ልቡ ሲመታ በጀርባዋ በኩል ይሰማት ነበር።

ቀዩ እንጨት ቀስ በቀስ ብቅ አለ። ግድቡ ማላቡን አቆመ። ፍርሃቱ ግን ቦታ ቀየረ እንጂ አልሄደም፤ አሁን ሰው ሁሉ የሚጠብቀው የጨፌውን ታችኛ አፍ ነው። ውሃው ጨፌው ላይ ሳስቶ ተኛ። በሳምንቱ ሣሩ ገረጣ፤ ከዚያ ጠቆረ። እንቁራሪቶች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። አያልነህ በዚያ በኩል መሄድ ተወ፤ ወደ ማሳው ሲወርድ በእሾህ ውስጥ ዞሮ ይሄዳል።

ሰብሪና ከታችኛው አፍ ቀድታ ጠብታዋን ስትጨምር የመጀመሪያው ቀለም ቀይ ሆነ። ሸዋዓለም ከትከሻዋ በላይ አየ።  «ይቆይ» አለች ሰብሪና። «አፉ አይከፈትም። እበት ይጨመር።» ጨመሩ። ዝናቡም ይጨምራል። ወንዶቹ በየተራ የታችኛውን አፍ ይጠብቃሉ፤ አፈር ይደለድላሉ። ሁለተኛውም ቀይ ነበር። በሦስተኛው አምሳል ብልቃጡን ላለማየት ፊቷን አዞረች።

ፍልሰታ ሲጋመስ ሰማዩ ጥቂት ቀን ገለጥ አለ። ፀሐይ ጨፌው ላይ ወጣች፤ ከጥቁሩ ጭቃ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ተነሣ። ሰዉ አፍንጫውን ሲይዝ ሰብሪና ሳቀች፤ ከሐምሌ ወዲህ ስትስቅ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። «ይኸ ሽታ እነሱ ናቸው» አለች። «ረግረጉ ውስጥ ያሉት። ነቅተዋል።» ከዚያ በኋላ ቀለሙ ሳሳ፤ ቀጥሎ ውሃው ጠብታውን ተቀብሎ እንደ ነበር ጥርት ብሎ ቀረ። መንገዱም በመጨረሻ ተከፍቶ ኖሮ ናሙናው ባሕር ዳር ሄደ፤ ብረቱም ጭቃው ውስጥ እንደቀረ ተነገራቸው።

ሸዋዓለም ግን «እኔ የማውቀው ዓሣ ነው» አለ። ከእንቆይ አንድ አምባዛ በሕይወቱ አምጥቶ ከጨፌው በወጣ ውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ አኖረው። በማግስቱ ሰው ሁሉ ባልዲውን ከበበ። አምባዛው ጭራውን መትቶ የሸዋዓለምን ፊት አረጠበው። ሸዋዓለም ፊቱን ሳይጠርግ ዶማውን አነሣና የታችኛውን አፍ ከፈተ።

የዚያ ዓመት ሩዝ ተሰበሰበ። በበጋው የኩሬው ውሃ እየታከመ በጨፌው በኩል አልፎ አለቀ፤ ክምሩም በባክቴሪያ ውሃ ታጠበና ሸክላ አፈር፣ ከላዩ ለም አፈር ለብሶ ሣር ተዘራበት። ጨፌው ላይ ፊላና ደንገል ተተክሎ ዙሪያው ታጠረ። ሰብሪና ወደ ሌላ አገር፣ ወደ ሌላ ኩሬ ተዛወረች።

አያልነህ ከከብቶቹ ሁለት በሬና አንዲት ላም ብቻ ቀሩት፤ ሌላውን የሚያበላበት ሣር የለውም። ሩዙ ሲታጨድ ቅርሚያው ላይ የነሱ ከብት ቅድሚያ እንዲገባ ሰዉ ተስማምቶ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም ቃሉን ጠበቀ። በሁለተኛው አንዳንዱ ረሳ። አምሳል አላስታወሰቻቸውም፤ ሸዋዓለም ግን በየደጃቸው ሄዶ አስታወሳቸው። አያልነህ አሁንም የሚከፋው ቀን አለ። እንደዚያ ሲሆን ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሮ ይቀመጣል። አምሳል በዚያ ሰዓት ነገር አትጀምርም።

የጨፌው ጠባቂ እሷ ናት። ፊላውን ለቤት ክዳን ልጨድ የሚል ጎረቤት ይመጣል፤ ለጥጃዬ ጥቂት የምትል ሴት ትመጣለች። አምሳል እምቢ ትላለች፤ ሥሩ የያዘውን ታውቃለችና። በዚህ የተቀየሟት አሉ፤ በገበያ ቀን ወረታ መንገድ ላይ ሲያገኟት ሰላምታ የሚነፍጓትም አሉ። እሷ ግን በየወሩ ከታችኛው አፍ ውሃ በጠርሙስ ቀድታ ባሕር ዳር ለሚሄድ መኪና ትሰጣለች፤ ሰብሪናም ትደውልና «ቀለሙ እንዴት ነው?» ትላለች።

በዚህ ክረምት የአምሳል ጉልበት አመማት። ቁልቁለቱን መውረድ አቅቷት ደጃፍ ላይ ስትቀመጥ አያልነህ ጠርሙሱን ከእጇ ወሰደ። በእሾሁ በኩል አልዞረም፤ በቀጥታው ወረደ። ሲመለስ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቶ ረጅም ጊዜ አየው።

«ጥሩ ነው» አለና ሰጣት።